የሐጂ ዓብዱሰመድ መኪና ለምን ይግል እንደነበር

ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ጅቡቲ ከተማ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ የምርመራ ክፍል
ቀን፦ እሑድ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት
የምስክሩ ስም፦ ልደቱ ገብረኪዳን
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ መኪና ጥገና
አድራሻ፦ ካርቲየ 1
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ሙሚን አብዲ
ማሳሰቢያ፦ ምስክሩ በአማርኛ መናገር ስለመረጠ ቃሉ በአማርኛ ተጽፏል፤ ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል።

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር የተወለድኩት እዚሁ ጅቡቲ ነው። አባቴ የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ካርቲየ 1 ከመኖሪያ ቤቴ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ መኪና እጠግናለሁ። ሟች ሐጂ ዓብዱሰመድ ዩሱፍን ለብዙ ዓመት አውቃቸዋለሁ። የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሱቁን ለልጃቸው ለናዒማ ከተዉላት በኋላ ሃያብለ ሰፈር ከእሷ ጋር ይኖሩ ነበር። ባቡር በሚገባበት ቀን በአሮጌ ነጭ አውቶሞቢላቸው ናጋድ ባቡር ጣቢያ ይሄዱና ከድሬዳዋ የመጡ መንገደኞችን ጭነው ወደ ከተማ ያስገባሉ። ይህን የሚያደርጉት ቸግሯቸው አልነበረም። የአገራቸውን ወሬ ለመስማት ነው ብለው ራሳቸው ነግረውኛል።

በግንቦት ወር መጨረሻ መኪናው እየጋለ አስቸገረኝ ብለው ወደ እኔ አመጡት። ሲነዱት ደህና ነው፤ ናጋድ ቆሞ ሰው ሲጠብቅ ግን የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ይወጣል አሉኝ። ውሃውን አየሁ፤ ሙሉ ነው። ራዲያተሩ በአቧራ ተደፍኖ ስለነበር አውጥቼ አጠብኩት። ሲግል ውሃውን የሚለቀውን ቴርሞስታት ፈትቼ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፤ በደንብ ይከፈታል። ዘይቱ ውስጥ ውሃ አልገባም፣ ነጭ ጭስም የለውም፤ ስለዚህ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታው፣ ደህና ነው አልኩ። መኪና ሲሮጥ የመንገዱ ነፋስ ሞተሩን ያበርድለታል። ሲቆም የሚያበርደው ማራገቢያው፣ ቬንትሌተሩ፣ ብቻ ነው። ሞተሩን አስነስቼ አጠገቡ ቆምኩ። ጋለ፤ ቬንትሌተሩ ግን አልዞረም። የፊውዝ ሳጥኑን ስከፍት የቬንትሌተሩ ፊውዝ ቦታው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አዲስ አስገባሁ፤ ዞረ። ሐጂ መርቀውኝ ሄዱ።

ብዙም ሳይቆዩ በዚያው ችግር ተመለሱ። ፊውዙ እንደገና የለም። ፊውዝ ይቃጠላል እንጂ አይጠፋም። ያን ጊዜ የሰፈር ሌባ ነው ብዬ ሌላ አስገባሁላቸውና ዝም አልኩ። በሰኔ ወር ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ፊውዙ በቦታው ነበር፤ ወደ ቬንትሌተሩ የሚሄደው ሽቦ ግን ከስር ተቆርጧል። አይጥ ያኘከው አልነበረም። እንደ ክር በመቀስ የተቆረጠ ነው። ሐጂን ጠርቼ፣ “ይሄ ብልሽት አይደለም፤ ሰው ነው የሚያደርገው” አልኳቸው። ሽቦውን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ፣ “እኔ ቤት ጠላት የለም” አሉኝ። መኪናውን እኔ ዘንድ ትተው በታክሲ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ናዒማ ወደ ጋራዡ መጣች። ቆማ ነው የተናገረችው፤ ወንበር ብሰጣትም አልተቀመጠችም። “ጋሽ ልደቱ፣ ፊውዙንም ያወጣሁት፣ ሽቦውንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አባቴ አያይም” አለችኝ። ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጪ እንደሚያፈሱ፣ ሱቅ ገብተው እሷን እንደ ደንበኛ ሰላም ብለዋት እንደሚያልፉ ነገረችኝ። መንዳት ይቅርብዎ ስትላቸው ለሳምንት አኩርፈዋት ነበር። ወደብ የሚሠራው ወንድሟ ዘይድ እንዲያስቆማቸው ለምናው፣ “ሽማግሌውን አታዋርጂብኝ” እንዳላት ገለጸችልኝ። ይህን የሰማሁት ከእሷ ነው፤ ዘይድ ሲናገር አልሰማሁም። “ከጋለ ይቆማል፤ ከቆመ ሰው አይገድልም፣ እሱም አይሞትም። አትሥራው፣ በአላህ ይዤሃለሁ” አለችኝ። እሺ አልኳት። ለሐጂ ዕቃው ከዱባይ እስኪመጣ ይጠብቁ አልኳቸው። ዕቃ አላዘዝኩም።

ከዚያ በኋላ ሐጂ በየቀኑ ማለት ይቻላል ጋራዡ እየመጡ ጥላ ላይ ይቀመጡ ነበር። ባቡር በገባ ቀን ከሁሉ ቀን ይበልጥ ዝም ይላሉ። ረቡዕ ሐምሌ 10 ቀን ግን፣ “ያለ ቬንትሌተርም ቢሆን ልሂድበት፣ ቁልፉን ስጠኝ” አሉኝ። በዚህ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰሌዳ እያመለከትኩ ምን እንደሚል እንዲያነቡልኝ ጠየቅኳቸው። ሳያቅማሙ፣ “የሳሊም ልብስ ስፌት ነዋ” አሉኝ። ሳሊም ከሄደ ቆይቷል፤ ቦታው ከረመዳን ወዲህ የስልክ መሸጫ ሆኖ ሰሌዳው ተቀይሯል። ይህንን ነገርኳቸው። “ልጄ መጥታ ነበር ማለት ነው” አሉ። መጥታ ነበር አልኩ። “አንተም እንደ እሷ ልጅ ነህ። የናጋድን መንገድ እጄ ያውቀዋል። እዚያ ካልሄድኩ ማን አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ድሬ ሰው ያወራኛል? ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ላዳምጥ?” አሉኝ። ቁልፉን አልሰጠኋቸውም። ተነሥተው ሄዱ።

ሐሙስ ሐምሌ 11 ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ መኪናው አልነበረም። አጠገቤ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴ ፋናዬ እንደነገረችኝ ሐጂ በሌላ ቁልፍ ከፍተው፣ ኮፈኑን አንሥተው ብዙ ጊዜ ጎንበስ ብለው ሲዳብሱ ቆይተዋል። እኔ የፈቀድኩላቸው መስሏት ሰላም ብላ ሸኝታቸዋለች። ወዲያውኑ ናዒማ ጋር ደወልኩ። ሱቋን ዘግታ መጣችና በታክሲ አብረን ወደ ናጋድ ሄድን። ነፋሱ ከባድ ነበር፤ የታክሲው መስኮት ተዘግቷል።

ናጋድ ሳንደርስ መንገዱ በመኪና ተዘግቶ አገኘነውና ወርደን በእግራችን ሄድን። የሐጂ መኪና ኮንቴይነር ጭኖ ዳር ይዞ የቆመ ተሳቢ ከኋላ ገጭቶ ነበር። ሐጂን አምቡላንስ ወስዷቸዋል። ከኋላ ተቀምጠው ከነበሩት ሁለት መንገደኞች አንዷ፣ ኢማን የምትባል፣ እጇን አቅፋ አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ ነበር። በፍጥነት እየሄዱ እንዳልነበር ነገረችን። “ስለ ድሬዳዋ ከዚራ ዛፎች እየጠየቀን ነበር። አንዱ ተቆርጧል ስንለው የትኛው አለ። እያወራን ሄደን ገጨነው። ፍሬን እንኳ አልረገጠም” አለች። ናዒማ አጠገቧ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

ቦታው ላይ የነበረው የትራፊክ ፖሊስ መካኒክ መሆኔን ሲሰማ መኪናውን እንዳየው ጠየቀኝ። የፍሬኑን ፔዳል ረገጥኩት፤ ይይዛል። መሪው ከግጭቱ በፊት ተበላሽቶ እንደነበር የሚያሳይ ነገር አላየሁም። አስፋልቱ ላይ የፍሬን ምልክት የለም። ራዲያተሩ በግጭቱ ተሰብሮ ውሃው ፈስሷል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት እንዳልፈላ ከኮፈኑ ውስጥ ይታያል፤ የተረጨ ውሃ የለም። የተቆረጠው ሽቦ ተገናኝቷል። ጫፎቹ ተጠማዝዘው በፌስታል ቁራጭ ተጠቅልለዋል። የእኔ ሥራ አይደለም።

ዘይድ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። የሐጂን ማረፍ በስልክ ሰምቶ ነው የመጣው። ሽቦውን በእጄ ይዤ አየኝና፣ “ማነው የቆረጠው?” ብሎ ጮኸ። ማንም ሳይመልስ ናዒማ ከተቀመጠችበት፣ “እኔ ነኝ” አለች። የሰማው ሰው ብዙ ነበር። መኪናውን አበላሽታ አባቷን ገደለች ተብላ የተያዘችው በዚህ ቃሏ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ሽቦው ለአደጋው ምክንያት ሊሆን ይችላል ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። አይችልም። የቬንትሌተር ሽቦ ከፍሬንም ከመሪም ጋር አይገናኝም። ተቆርጦ ቢቆይ ኖሮ በሐምሌ ሙቀት፣ ናጋድ ቆሞ ባቡር ሲጠብቅ ሞተሩ ፈልቶ እዚያው ይቀር ነበር፤ ሐጂም ሰው ጭነው ባልተመለሱ ነበር። መኪናው የሄደው ሽቦው ስለተቀጠለ ነው። የቀጠሉት ሟች ራሳቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሲቀጥሉ ግን አላየሁም።

የምጨምረው ካለ ተጠይቄ የሚከተለውን አስጽፌአለሁ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ዘይድን ጣቢያው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አሁን የተናገርኩትን ለእሱም ነገርኩት። ሲያዳምጠኝ መሬት መሬት ያይ ነበር። “ታዲያ አባቴን ማን ገደለው ልበል?” አለኝ። ከዚያ በእጁ የያዘውን የምግብ ሳሕን ለበር ጠባቂው ሰጠ። ጠባቂው ለማን ነው ብሎ ሲጠይቀው ስሟን መጥራት አልቻለም። ሁለተኛ ሲጠየቅ፣ “ለእህቴ” አለ።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ቃል ተነብቦልኝ አዳምጫለሁ። ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁት ለይቼ ተናግሬአለሁ፤ ሐሰት አልጨመርኩበትም፣ ያስቀረሁትም የለም። ይህንንም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ልደቱ ገብረኪዳን
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ሙሚን አብዲ