ፊደል በመናፈሻ አፈር ላይ

ደርግ ገና ወንበሩ ላይ ሳለ ነው። ከፓርክላንድስ ወደ መሀል ናይሮቢ በሚወርድ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ሴትና አባቷ በአማርኛ ይጨቃጨቁ ነበር።

«አባባ፣ ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለዎት? የልጄን ሆድ ወስፋት ወርሶታል።»

«ወስፋት? ከየት አመጣው?»

«እሑድ እሑድ ከሚወስዱት መናፈሻ አፈር ነዋ! ሰዉም ውሻውም እዚያ ነው የሚጸዳዳው።»

«እኔ አፈር አላበላሁትም።»

«ታዲያ እዚያ ምን ስትሠሩ ነው የምትውሉት?»

«ፊደል አስቆጥረዋለሁ። መሬት ላይ በጣቱ ይጽፋል።»

«ከዚያ ጣቱን ይጠባላ!»

«ሲጨንቀው ነው። ‹ሐ› እና ‹ኀ› ሲምታቱበት።»

«ደብተር ገዝቼለት የለም እንዴ?»

«ደብተር ላይ መሳሳት ይፈራል። አፈሩን ግን ጠረግ አድርጎ እንደገና ይጀምራል። ስዋሂሊውንማ ከሰፈር ልጆች ለቀመው። ነገ ደርግ ወድቆ አገራችን ስንገባ የገዛ ስሙን ማን ሊያነብለት ነው?»

«ቢሆንም አባባ...»

«አንቺንስ በምን አስተማርኩሽ? ደጃፋችን ላይ፣ በጣትሽ አይደል?»

«የወስፋት መድኃኒቱንስ ረሱት? አፍንጫዬን ይዘው ነበር የሚያጠጡኝ!»

«ወስፋቱ ወጣ፤ ፊደሉ ግን ቀረ።»

ሴትዮዋ ሳቀች።

«እሺ፣ እሑድ ይውሰዱት። ግን በእንጨት ይጻፍ። ሲጨርስም እጁን በሳሙና ያስታጥቡት።»

«እንጨቱን ቢጠባስ?»

«አባባ!»

መውረጃዬ ስደርስ ጣቴ ጉልበቴ ላይ ከ‹ሀ› ተነስቶ ‹መ›ን እየጻፈ ነበር።