ቁስለኛ ጥለው የማይሄዱት የካርታ ነዳፊ

ታላቅ ወንድሜን ልትሸኙ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሆይ፣ በልጅነታቸው የጓሮውን ስፋት በክር ይለኩ ስለነበር ዕድሜ ልካቸውን «ሜትር» እየተባሉ የኖሩትን ሰው ታሪክ፣ እርሳቸውን የሚያስመሰግነውንም እኔን የሚያሳፍረውንም ሳልደብቅ አነብላችኋለሁ።

ሜትር ከጫማ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የቤቱ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። በትምህርት ቤት በሂሳብና በሥዕል ብልጫ ስለነበራቸው በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት በነዳፊነት ተቀጠሩ፤ ሆኖም ወንበራቸው ገና ሳይሞቅ ጦርነት ተነሥቶ እርሳቸውም እኔም በአንድ ክፍል ዘመትን። ክፍላችን ባፈገፈገበት ቀን እግሬን ተመትቼ ስወድቅ፣ ጥለውኝ እንዲሄዱ ቢታዘዙም አሻፈረኝ ብለው፣ ሌላው በአንድ ቀን የጨረሰውን መንገድ ሁለት ቀን ሙሉ አዝለውኝ እያዘገሙ አወጡኝ።

ከዘመቻ ሲመለሱ የሂሳብ መምህርት የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ከሥራ መልስም ከአታሚ ጓደኛቸው ጋር ሆነው፣ የጥንት ጦርነቶችን በካርታና ከእንጨት በተቀረጹ ጠጠሮች ጠረጴዛ ላይ የሚያጫውት ጨዋታ መሥራት ጀመሩ። ሜትር እውነቱ እንዳይጎድል፣ አታሚው ደግሞ ተጫዋቹ እንዳይሰለች ሲሟገቱ ዓመታት አለፉ። በመጀመሪያው ሙከራ ሜትር የበቅሎዎቹን ውኃ ሳይቀር ስላሰሉ፣ አራት ሰዓት ተጫውተን ጠላት ገና ሳይታይ ሠራዊታችን በጥም አለቀ፤ ባለቤታቸውም የጄኔራል ጠጠራቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው የፈተና ወረቀት ሊያርሙ ሄዱ። ሜትር ራሳቸው እስኪያነቡ ስቀው የውኃውን ስሌት ሰረዙ፤ ጭቃውንና ዝናቡንም ቀነሱ። ግትር ነበሩ የሚላቸው ሰው ቢኖር ይህን አላየም።

አንድ ሕግ ግን አላስነኩም። በጨዋታቸው ነጫጮቹ ጠጠሮች ቁስለኞች ሲሆኑ፣ ቁስለኛ የያዘ ክፍል የሚጓዘው ግማሽ መንገድ ብቻ ነበር፤ ጥሎ መሄድም አይፈቀድም። ማንኛውም ሕግ የሚሰረዘው ሦስት ጊዜ ያለ እርሱ ተጫውተው ሲያበቁ ሜትርና አታሚው ሁለቱም ከሕጉ ወረቀት ጀርባ ሲፈርሙ ሲሆን፣ ሜትር በሌሉበት የእኔ ፊርማ እንደ እርሳቸው ፊርማ እንዲቆጠር የወሰኑት ራሳቸው ናቸው። ያን ያህል አምነውኝ ነበር።

ከአምስት ዓመት በፊት ለልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በተኙበት ሳምንት፣ ዛሬ አንቱታውን የነፈግሁት ያ አታሚ፣ ሕጉ ገበያ እንደሚያሳጣው ነግሮኝ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ሦስት ጊዜ ተጫወትን፤ ነጫጮቹ ሲወጡ ጨዋታው ፈጠነ፣ ጣመ፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፍሁ። ታዝዬ የወጣሁት ሰው፣ ቁስለኛው ይቅር ብዬ ፈረምሁ።

ሜትር ከሆስፒታል ሲመለሱ የታተመውን ሳጥን መዘን ቢያደርጉት ቀለለባቸው፤ ሲከፍቱት ነጫጮቹ የሉም፤ ክዳኑ ላይ ግን ስማቸው በትልቁ ታትሟል። ወረቀቱን አስመጥተው ጀርባውን ገለበጡ፤ የአታሚውን ፊርማ አለፍ ብለው የእኔን ረጅም ጊዜ አዩት። አልተቆጡኝም፤ ምነው በተቆጡኝ። ጨዋታው እንደ ጉድ ሲሸጥ፣ እርሳቸው ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር አንድም ቀን ለጨዋታ አልተቀመጡም። እኔም አታሚውን ከሃዲ ለማለት አፌን በከፈትሁ ቁጥር ፊርማዬ ትዝ ይለኛል።

ልባቸው ዳግመኛ ሲደክም፣ አሳንሰር በሌለው ሕንጻ እስከ ሦስተኛው ፎቅ በዚችው በማነክስባት እግሬ አዝያቸው እወጣ ነበር። እያረፍሁ በወጣሁት ደረጃ ሁሉ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸው አንገቴን ጠበቅ አድርገው ያቅፉ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ መልሱን ሳይሰጡኝ አረፉ።

ሜትር ባለቤታቸውን፣ ነርስና መሐንዲስ የሆኑትን ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ በኮመዲኖአቸው ውስጥ ያገኘናቸውን በእጃቸው የተቀረጹ አሥራ ሁለት ነጫጭ ጠጠሮች፣ እንዲሁም አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። በሕይወታቸው ቁስለኛ ጥለው ሲሄዱ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ፈጣሪ የተሸከሙትን ሁሉ አውርዶላቸው ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለቤታቸውም መጽናናትን ይላክ።