ቤቴ ውስጥ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው ወንድሜ

የምስክር ቃል

ቃል ሰጪ፦ የሟች ተከሳሽ ወላጅ እናት (ስም በተያያዘው መታወቂያ ላይ እንዳለው)
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ያለው የሠራተኞች መኖሪያ፣ ምድር ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በምርመራ ክፍል

ቃሌን ራሴ በእጄ ልጻፍ ብዬ ስለተፈቀደልኝ፣ እጄ ዝግ ቢልም የማውቀውን እንደሚከተለው ጽፌያለሁ።

ሟች ልጄ በመጋዘኑ የፎርክሊፍት፣ ማለትም የዕቃ ማንሻ መኪና ሹፌር ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ ታናሽ ወንድሜ ነው። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ልጄን ያሳደገውም፣ ሥራ ያስገባውም እሱ ነው። ባለፈው ዓመት ልጄ የሚነዳው ፎርክሊፍት አልቆም ብሎ አንድ ጫኝ ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ገደለ። ልጄ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰ። ወንድሜ ዋስ ሆኖ አስፈታው፤ ጠበቃም አመጣለት። ያን ዕለት የወንድሜን አንገት አቅፌ አለቀስኩ።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው እሑድ ወንድሜና ጠበቃው ቤቴ መጡ። ጠበቃው ከዐቃቤ ሕጉ ጋር መደራደሩን ነገረን፤ ልጄ ጥፋቱን ካመነ ክርክር እንደሚቀር፣ ቅጣቱም በገደብ ሆኖ ከችሎት በቀጥታ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ። ከዚያ ዳኛ የሚጠይቀውን እንለማመድ አለ። ወንድሜ ለደንበኛ የቆረጥኩትን ጥቁር ገበር ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ተቀመጠ። ልጄ "ጋሼ ዳኛ ቢሆን ሰፈሩ በሙሉ ዘብጥያ ይወርድ ነበር" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ወንድሜ ድምፁን አጎርንኖ "ተከሳሽ፣ ጥፋትህን እንድታምን ቃል የገባልህ ሰው አለ?" ሲል ጠየቀው።

"አዎ፣ አንተ።"

"አትቀልድ ልጄ! የለም ነው የምትለው።"

"አሁን በገደብ ትወጣለህ አላላችሁኝም እንዴ?"

ጠበቃው "እሱ እዚህ የምናወራው ነው። እዚያ ከተነፈስክ ድርድሩ ይፈርሳል" አለው።

ልጄ ወንድሜን አየው። "ፍሬኑስ ጋሼ? እንደማይዝ ነግሬህ አልነበር?"

"ፍሬን ካነሳህ ክርክር ነው። ስንት ዓመት ልትመላለስ ነው? እናትህ አታሳዝንህም? እትዬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪው!"

እኔም "አጎትህ ክፉ አይመክርህም፣ እሺ በል" አልኩት። መልሱ አፉ ላይ እስኪቀልለው ደጋግመው ጠየቁት።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ያንኑ ጠየቁት፤ "የለም" አለ። ቀጥለው "ምስክር አሰምተህ የመከራከር መብትህን እየተውክ ነው፣ ገብቶሃል?" አሉት። ይህን አልተለማመድነውም። ልጄ ዞሮ ጠበቃውን አየ። ጠበቃው በዓይኑ እሺ በል አለው። ልጄም "ገብቶኛል" አለ። አራት ዓመት ተፈረደበት፤ ገደብ የሚል ቃል ግን አልሰማሁም። ፖሊሶች ሲወስዱት "ጋሼ! ጋሼ!" እያለ ይጣራ ነበር። ወንድሜ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ።

ልጄ ማረሚያ ቤት በገባ በአምስተኛው ወር የቆየ አስሙ ተነስቶበት አረፈ።

ለቅሶ ላይ የመጋዘኑ መካኒክ መጥቶ "እትዬ፣ ለምስክርነት እስክጠራ ስጠብቅ ነበር" አለኝ። የፍሬኑን ነገር ከልጄ ጋር ሆነው ለወንድሜ እንደነገሩት፣ እሱም "ዛሬን እንደምንም ንዱት" እንዳላቸው፣ ይህንኑም መካኒኩ ራሱ ለጠበቃው አስታውቆ እንደነበር ነገረኝ። ጠበቃው የድርጅቱ ጠበቃ መሆኑንም ያወቅኩት ያኔ ነው። ክርክር ቢደረግ ኖሮ የሚጠየቀው ወንድሜ ነበር። ይህ ሁሉ ሲነገር ከጎኔ ተቀምጧል። ዞሬ ሳየው ጫማውን ፈልጎ ወጣ።

ልጄ እስከ ዛሬ በመዝገብ ላይ በገዛ አንደበቱ ያመነ ጥፋተኛ ነው። ያመነው ተታሎ መሆኑ ካልተረጋገጠ ፍርዱ አይነሳም ተብያለሁ። ትናንት ወንድሜ ደውሎ "እትዬ፣ እሱ እንደሆነ አይመለስ። እኔንም ልታጪኝ ነው?" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ዛሬ ጠዋት መርማሪው፣ የምመሰክረው በወንድሜ ላይ ስለሆነ ቃል ላለመስጠት መብት እንዳለኝ ነገሩኝ። ፊቴን አይተው አልገባትም ብለው ደግመው አስረዱኝ፤ "ሄደው አስበውበት ይመለሱ" አሉኝ። ለልጄ እንዲህ ያደረገለት ሰው የለም። እኔ አስቤበት ተመልሻለሁ።

ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። ወንድሜ ፊት ለፊቴ ቢቆምም ይህንኑ እናገራለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
የመርማሪ ፊርማ ____________