አሥራ ሁለት ጥንድ ፎርማ

(አውቶብስ ተራ አካባቢ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ የጫማ መሥሪያ ሼድ ውስጥ፤ ሼዱን ከሟች አባቷ የተረከበችው ብዙአየሁ፣ ቆዳውን እግር በሚመስለው የእንጨት ፎርማ ላይ ከሚወጥሩት ከጋሽ ወርዶፋ ፊት ቆማለች።)

ብዙአየሁ፦ ያውልቁት ጋሼ! በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ያውልቁትና ቀጣዩን ይወጥሩ!

ወርዶፋ፦ ትናንት አመሻሽ ላይ የወጠርኩት ነው። ማስቲሹ ገና እርጥብ ነው።

ብዙአየሁ፦ ግማሽ ቀን አይበቃውም?

ወርዶፋ፦ አይበቃውም። ፎርማው ላይ ውሎ ካላደረ ተማሪዎቹ ሰኞ ተጫምተውት ረቡዕ አፉን ይከፍታል። ጫማው ማለቴ ነው፤ ልጆቹማ ድሮም አፋቸው ክፍት ነው።

ብዙአየሁ፦ አይቀልዱ! መቶ ስድሳ ጥንድ ይቀረናል። አርብ ካላስረከብን ትምህርት ቤቱ ውሉን ይሰርዛል። ወረዳውም ሼዱን ሥራ ፈትቷል ብሎ ለሌላ ማኅበር ይሰጥብናል። ዘጠኝ ሰው ይበተናል፣ እርስዎን ጨምሮ!

ወርዶፋ፦ አውቃለሁ።

ብዙአየሁ፦ ካወቁ እጅዎ ለምን ይዘገያል? ቆራጩ ጨርሷል፣ ሰፊዎቹ ጨርሰዋል። ይዩት ክምሩን! የሚሠሩት አጥተው እኮ ነው ዛሬ ቤታችሁ እረፉ ያልኳቸው። ሁሉም ነገር እርስዎ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ወርዶፋ፦ እኔ ጋ አይደለም፣ ፎርማው ጋ ነው የቆመው። ስንት ፎርማ አለሽ?

ብዙአየሁ፦ አሥራ ሁለት ጥንድ።

ወርዶፋ፦ እንግዲህ በቀን የሚወጣው አሥራ ሁለት ጥንድ ነው። አሥር ሰው ብትጨምሪልኝ፣ እኔኑ በባትሪ ብታስኬጂኝ፣ ያው አሥራ ሁለት ነው።

ብዙአየሁ፦ የሄድኩበት ሥልጠና ላይ እኮ እንዲህ አላሉንም። አንድ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ይሥራ፣ ጫማው ከእጅ ወደ እጅ ይለፍ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል ነው ያሉን። ወለሉን ቢጫ መስመር የቀባሁት ለጌጥ ነው?

ወርዶፋ፦ መስመሩስ ያምራል። ባልደረባዬ ጫኔ ሲያየው፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ነው እንዴ ብሎኝ ነበር።

ብዙአየሁ፦ ጋሼ፣ እኔ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። እርስዎ...

ወርዶፋ፦ ልጄ፣ ካልሳቅኩ ማልቀሴ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ማን ሥራ ይሰጠኛል?

ብዙአየሁ፦ በአባቴ ጊዜ መደርደሪያው ሙሉ ፎርማ ነበር። ሠራተኞቹ ሰረቁኝ፣ አይደል? በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ያስገባሁት ለዚህ ነበር፤ ዘገየሁ እንጂ።

ወርዶፋ፦ ሰው የራሱን ዕቃ ይሰርቃል?

ብዙአየሁ፦ የራሱን? አባቴ አናጢው ጋ ሲያስጠርብ አብሬው ሄጃለሁ!

ወርዶፋ፦ አስጠርቧል። ለማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሽም። አንድ ሠራተኛ ከቆዳው እስከ ሶሉ ብቻውን የሠራው የመጀመሪያ ጫማ ሲሸጥለት፣ አባትሽ ስድስት ጥንድ ፎርማ ያስጠርብና ተረከዙ ላይ ስሙን በወስፌ ጭሮ ይሰጠዋል። ባለሙያ ሆንክ ማለቱ ነው። ጫኔ የተሰጠው ቀን በግ አርዷል።

ብዙአየሁ፦ ያ ጭረት... ስም ነበር?

ወርዶፋ፦ አንቺ በቀይ ቀለም ቁጥር የጻፍሽበት ቦታ።

ብዙአየሁ፦ ወይኔ!

ወርዶፋ፦ ጫኔ ስሙ ጠፍቶ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ቁጥር ሆነ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጫማ የሠራ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ የክር ማስገቢያ ቀዳዳ ብሳ ተባለ። የዚያን ዕለት ሁሉም የየራሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። የቀሩልሽ አሥራ ሁለቱ የአባትሽ ናቸው።

ብዙአየሁ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ስትሠሩ አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?

ወርዶፋ፦ ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ነበር። «አስተያየት በጽሑፍ፣ ሳጥኑ ውስጥ» አልሽኝ። እኔ ከስሜ ሌላ መጻፍ አልችልም።

ብዙአየሁ፦ ...አዲስ ላስጠርብ። አሁኑኑ!

ወርዶፋ፦ እንጨቱ እስኪደርቅ ወር ይፈጃል።

ብዙአየሁ፦ ሁሉም ቢመልሱልኝስ?

ወርዶፋ፦ የዘጠኛችን ስድስት ስድስት ከአባትሽ አሥራ ሁለት ጋር በቀን ስልሳ ስድስት ጥንድ ነው። ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፤ ለአርብ ይደርሳል። ግን እኔ ብቻዬን ስልሳ ስድስት አልወጥርም። ቆራጭሽ ይቁረጥ፣ ሰፊሽ ይስፋ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም የራሱን ፎርማ ይዞ የራሱን ጫማ ይጨርስ። መስመርሽን እዚያ ላይ ቁረጪው።

ብዙአየሁ፦ ሙሉውን ልፋቀው፣ ግድ የለኝም! እርስዎ ይንገሯቸው ጋሼ። እርስዎን ይሰማሉ። እኔ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ወርዶፋ፦ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ?

ብዙአየሁ፦ ...እሺ። ቤንዚን ይዤ እሄዳለሁ። እያንዳንዱ ቤት ገብቼ፣ ቀለሙን በገዛ እጄ አስለቅቄ፣ ይቅርታ ብዬ እለምናለሁ። ብቻ ቀኑ እየሄደብኝ ነው፤ መጀመሪያ የማንን በር ላንኳኳ?

ወርዶፋ፦ ሩቅ አትሂጂ። የኔም ስድስት ጥንድ አልጋዬ ሥር ናቸው፤ እስቲ እኔን ለምኚኝ።