እማዬ ማዶ ናት

— ሄሎ?... አቤት... ማን ልበል?... ፍሎራን! አንተ ነህ እንዴ? ድምፅህ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ቆይ፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ፤ እዚህ ገደሉ ስር ኔትወርክ ያስቸግራል... አሁንስ ትሰማኛለህ?... እሺ።

— ቤት ደውለህ አጣሃት?... አታገኛትማ፣ ወንድሜ። እማዬ ቤት የለችም። ማዶ ናት። እኔም ማዶ ነኝ።

— ማዶ ነዋ! ከዶርዶኝ ወንዝ ወዲያ፣ እማዬ «እንግሊዞቹ» የምትላቸው ጋ። ያ የጥንት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦርነት ለሷ መቼ አልቆ!... አዎ፣ እህቷ ጋ፣ አክስት ኡላሊ ቤት።... ፍሎራን?... ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?... አለህ?

— አልጠጣሁም። ገና ምሳ እንኳ አልደረሰም።... እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ግን እንዳትደነግጥ። እግሯ ተሰብሯል።... አትጩህብኝ!... ቁርጭምጭሚቷ ነው። ጄሶ ተደርጎላታል፣ ደህና ናት። ይኸው ጓዳ ቁጭ ብላ ድንች ትልጣለች።... ከትናንት ወዲያ።... ምን ብዬ ልደውልልህ? አንተ ቅዳሜ መጥተህ ወደ ሊዮን ልትወስዳት ጉድ ጉድ ስትል!

— ሰኞ ጠዋት ልብሷን ስናጣጥፍ ድንገት ቆም አለች። «ኡጌት» አለችኝ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ እነዚህ ግንቦች ስር ኖሬ፣ ጃፓኑም ሆላንዱም እየመጣ ሲጎበኛቸው፣ እኔ አንዱንም ከውስጥ አላየሁም። ሊዮን ሄጄ ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልመልስ ነው?»... አዎ፣ እሷው ራሷ።... እኔም ገርሞኛል። መኪናዬን አስነሳሁ፣ ሄድን።

— መጀመሪያ የኛውን ግንብ። ትልቁ አዳራሽ ገብታ ጣራውን አየችና «ይሄን ሁሉ ቤት ማን ያሞቀዋል?» ብላ ወጣች።... በል ሳቅ። ከዚያ ወንዙን ይዘን፣ ገደሉ ላይ የተለጠፈችው መንደር ሄድን። የዋልነት ለውዝ ኬክ አዘዝኩላት፤ «ቅቤ ሰስተውበታል» እያለች ጨረሰችው። በቃ ልንመለስ ነው ስል ድልድዩ ጋ ስንደርስ «ተሻገሪ» አለችኝ።

— እኔስ ያንኑ አይደል ያልኳት! «እማዬ፣ ወዴት?» ስላት፣ «ግንቡን ላየው ነው። ግንብ ማየት ሰው መጠየቅ አይደለም» አለች።

— ወጣቻ! እስከ ማማው ጫፍ። በየደረጃው ቆም እያለች፣ እየተነፈሰች። ላይ ስትደርስ ግንቡን ዞር ብላም አላየችው። ወንዙን አሻግራ የኛን ቤት ፈለገች፣ አገኘችው። ያሰጣችው አንሶላ ሳይቀር ይታያል። «ከዚህ ሁሉ ነገር ይታያል ማለት ነው» አለች፣ ለራሷ።... ምን አውቃለሁ? አልጠየቅኳትም።

— ስንወርድ ነው። ያ ጠመዝማዛ ደረጃ፣ የስንት ዘመን እግር ረግጦት መሃል መሃሉ ጎድጉዷል። አዳለጣት። እኔ ስጮህ «ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ፤ ወድቃ እኮ ነው!

— የግንቡ ጠባቂ የተጎዳ ሰው የሚያነሱትን እሳት አደጋዎች ጠራች። የመንደሩ በጎ ፈቃደኞች መጡ። አንዱ ጎቲዬ የሚባል ነው፤ ሠላሳ ምናምን ቢሆነው ነው፣ ትከሻው በር ያክላል። እግሯን እያሰረ ስሟን ጠየቃት። ነገረችው። «ከማግባትዎ በፊትስ የቤተሰብ ስምዎ?» አላት። «ላቬርኝ»። ቀና ብሎ አያት። «አያቴም ላቬርኝ ናት» አይልም!... አዎ! የአክስት ኡላሊ የልጅ ልጅ! እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

— በጀርባው አዝሎ አወረዳት። ታች ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። አምቡላንሱ ሌላ ሰው ለማንሳት ሄዷል፣ ይቆያል ተባለ። «የአያቴ ቤት ያውና፣ እዚያ ይረፉ» አለ። እማዬ «ዝናብ አይገድለኝም» አለች። ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እርስዎን ዝናቡ አይገድልዎትም፣ እኔን ግን አያቴ ትገድለኛለች» ብሏት እንዳዘላት ሄደ።

— አክስት ኡላሊ በሩን ከፈቱ። ተያዩ። ሳይነጋገሩ ሃምሳ ዓመት እኮ ነው፣ ፍሎራን! በመሃላቸው አንድ ወንዝ ብቻ። እና መጀመሪያ ያሉት ምን መሰለህ? «ጫማችሁን ጥረጉ፣ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት»።

— አክስቴ፣ ተዉት! ድስቱን እኔ አወርደዋለሁ፣ እርስዎ ይቀመጡ!... አይ፣ አንተን አይደለም፣ እሳቸውን ነው።

— ኧረ ምን እርቅ አመጣህ! እማዬ ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል ጀመረች። «አባታችን ሲቀበር አልመጣሽም»። እሳቸው ደግሞ «እኔ ስዳር ማን መጣ?» አሉ። «የማዶ ሰው እንዳታገቢ ከልክሎሽ ነበር»። «እሱ ከለከለ፣ አንቺስ አፍ አልነበረሽም?» በቃ፣ ቤቱ ተናጋ። ልገላግላቸው ብድግ ስል ጎቲዬ እጄን ያዘኝ። «ተያቸው» አለኝ፣ «አያቴ ከገና ወዲህ እንዲህ ድምፅ ወጥቷት አያውቅም»።

— ቆይ እንጂ፣ ዋናው ገና ነው። አክስት ኡላሊ ድንገት ዝግ አሉ። «ደወሉን ሰምቻለሁ» አሉ። «ማን ሞተ ብል፣ አባትሽ አሉኝ። ሰው አልላክሽብኝም። ጥቁር ለብሼ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ሳጥኑ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ መቃብር እስኪገባ ድረስ፣ ማዶ ቆሜ ሸኘሁት»።

— ...አዎ።... እማዬማ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ «አይቼሻለሁ» አለች።... እንደነገርኩህ ነው። «አይቼሻለሁ፣ ኡላሊ። አንቺ መሆንሽንም አውቄያለሁ። እጄን ላነሳልሽ ብዬ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ መልሼ ዋጥኩት»።

— እነሱማ መች አለቀሱ! ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ጎቲዬ መሐረብ ሰጠኝ። እነሱ የነጭ ሽንኩርት ሾርባ በሉ። መጨረሻ ላይ እንደ ድሮ ሰው ሳህኑ ውስጥ ቀይ ወይን ጨምረው፣ አንስተው ጭልጥ!

— ሳርላ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ «ደረጃ መውጣት የለም» አላት፤ እማዬ ቤት መኝታው ፎቅ ላይ ነው። አብረውን የመጡት አክስት ኡላሊ «ምድር ቤት አልጋ አለኝ» አሉ፣ ለእማዬ አይደለም፣ ለሐኪሙ። እማዬም ለሐኪሙ «ለጥቂት ቀን ከሆነ እሺ» አለችው። እኔ መሃላቸው ቆሜ ሳቄን አፈንኩ።

— ግን ፍሎራን... ዛሬ ጠዋት ሌላ ነገር ተናገረች። ሊዮን አልሄድም ብላለች።... ጄሶው ከወጣም በኋላ።... እኔ አይደለሁም ያሳመንኳት! «የማላውቀው ከተማ ሄጄ በመስኮት መኪና ስቆጥር ከምውል፣ ኡላሊን ስጨቀጭቃት ልኑር» ነው ያለችው።

— አውቃለሁ።... ክፍሉን ቀለም እንደቀባህ አውቃለሁ።... መጋረጃውንም?... አንተ ራስህ ሰፋኸው? አንተ?... አይ፣ እየሳቅኩ አይደለም።

— ፍሎራን?... ሄሎ?...  ታለቅሳለህ እንዴ?... እ... እ... ኮሪን ትታህ ከሄደች ጀምሮ?... ማታ ማታ ለብቻህ... ሬዲዮኑን ከፍተህ ነው የምትበላው?... እኔ እኮ ለእሷ ብለህ የምትወስዳት መስሎኝ ነበር።... ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ? እህትህ አይደለሁም?

— ቆይ፣ አንዴ ያዝልኝ... እማዬ! ፍሎራን ነው!... እየነገርኩት ነው!... አልተቆጣም። ሰው ናፍቆታል... አዎ፣ አንቺ ነሽ የናፈቅሽው... አክስቴ ደግሞ ምን አሉ?... እሺ፣ እነግረዋለሁ። አንተ፣ ሰማህ? እማዬ «ከሥራው ያስፈቅድ» ትላለች። አክስት ኡላሊ ደግሞ «ዳክዬ ይበላል ወይ?» ነው የሚሉት።... ይበላል፣ አክስቴ! አጥንቱን ሳይቀር!

— በል ተረጋጋ... ውሃ ጠጣ።... ቅዳሜማ ና እንጂ! ማን ቀረ አለህ?... እሷን ልትወስድ አይደለም፣ ዝም ብለህ ና።... ለስንት ቀን ልምጣ ነው የምትለኝ?... ቁጠርልኝ አላልኩህም። ና ብቻ።... እሺ።... እሺ፣ ወንድም ዓለም። ደህና ዋል።