እኅቴ አዛለች መነኩሴ አልነበሩም

አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የመነኩሴ ጸሎተ ፍትሐት እንደ ተዘጋጀ ባውቅም፣ ከመጀመሩ በፊት ይህን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ስለ ፈቀዳችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አንባቢው ታላቅ ወንድማቸው ገሠሠ ነኝ።

ወይዘሮ አዛለች ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ጻድቅ ምንይሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሸዋ ማዕረግ በጊሼ ራቤል በ1962 ዓ.ም. ተወልደው፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል በዚያው ተምረው፣ በ1980 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምጥ ጠንቶባቸው በቀዶ ሕክምና ሲገላገሉ ልጁ ሞተ፤ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው የሽንት ቧንቧም በስሕተት ተቆርጦ ኖሮ፣ ቀን ከሌት ሽንት ያፈስሳቸው ጀመር። ባላቸውም ወደ እኛ መለሷቸው።

አባታችን ስለ ሞቱ የቤቱ አዛዥ እኔ ነበርሁ። ሽታው እንግዳ ያሸሽብኛል ብዬ ከጓሮ ካለችው የገለባ ጎጆ አስገባኋቸው፤ የት ሄዱ ለሚለኝም ሁሉ ገዳም ገብተው መነኮሱ አልሁ። ይህን ስል ከግድግዳው ማዶ ሆነው ይሰሙኝ ነበር። አቤት ድፍረቴ! አራት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

በ1986 ዓ.ም. ሳይነግሩኝ በእግራቸው መሐል ሜዳ ከተማ ደርሰው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው አዲስ አበባ ገቡ፤ ዶክተር መርስዔ ኃዘን የተባሉ ሐኪምም ቧንቧውን ጠግነው አዳኗቸው። ከዚያ በዚያው ሆስፒታል ተቀጠሩ። ዶክተሩ እንዲህ ያለውን ጉዳት መጠገን የሚማሩ ቀዶ ሐኪሞችን ሲያሠለጥኑ፣ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት የእኅቴ ነበር። አንቱ የተባሉትን ሐኪሞች እርጥብ ጨርቅ አስታጥቀው ግማሽ ቀን ያስቀምጧቸው፣ ሆድ ሳይሰፉ በፊት ሁለቱም ቧንቧዎች ደኅና መሆናቸውን እንዲያዩም ያስምሏቸው ነበር። ይህን ሁሉ የሰማሁት ትናንት አስከሬናቸውን ይዘው ከመጡት ሐኪሞች ነው፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሚሠሩ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ለእናታችን ቀብር በመጡ ጊዜ ጎረቤቱ እማሆይ ይባርኩን እያለ ጉልበታቸውን ሲስም፣ እኔን አየት አደረጉኝ። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ መግቢያ አጣ ነበር፤ አልተነፈሱም። ከዚያ ወዲያ አገራቸውን አልረገጡም።

በመጨረሻ ያ ጉዳት የጎዳው ኩላሊታቸው ደክሞ ሲታመሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ያሳደጓት ልጃቸው እስከዳር፣ ከመቶ በላይ ሠልጣኞቻቸውና እኔ ከኋላቸው ቀርተናል።

አባቶቼ፣ ከውሸቴ ጋር አይቀበሩብኝ፤ እንደ ማንኛዋም ምእመን፣ በክርስትና ስማቸው በወለተ ጊዮርጊስ ይፈታላቸው። ነፍሳቸውን አምላክ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። እኔም ይቅርታ የምጠይቃቸው ዛሬ ነው፤ መልስ እንደማይሰጡኝ እያወቅሁ።