ለሪኖው ልጅ ጎማ

የሰው ወሬ መስማት አልወድም፤ ግን ባቡር ውስጥ አማርኛ ሲነገር ጆሮ አይታዘዝም። ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ እየሄድን፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ «የበረዶ ጎማ ፈልግልኝ» ብለው ስልኩን ዘጉ። አጠገባቸው የነበረው ጎልማሳ አላስቻለውም።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሰምቼ ነው። እዚህ በረዶ በማይጥልበት አገር የበረዶ ጎማ ምን ያደርግልዎታል? የሁሉም ወቅቱ ጎማ፣ ኦል ሲዝኑ ይበቃዎታል።»

«ለእኔ አይደለም። ልጄ ከተራራው ማዶ ሪኖ ነው የሚሠራው። ለገና ና ስለው፣ ተራራው ላይ በበረዶው መኪናዬ ስሊፕ ታደርጋለች አለኝ።»

«ምን ዓይነት መኪና ናት?»

«ስፖርት መኪና ናት። የሚገፋት የኋላ እግሯ ነው።»

«እሱስ እውነቱን ነው፣ በበረዶ ታስቸግራለች። ለፋሲካስ አልመጣም?»

«ለፋሲካም በረዶው አልቀለጠም አለ።»

«ለእንቁጣጣሽስ?»

«ያኔ ደግሞ ጎማዬ አልቋል፣ ሃይዌይ አያስወጣኝም አለ።»



«እንግዲያው ኦል ሲዝኑን ይግዙለት። በጋ ከክረምት ይሆነዋል።»

«በረዶ ሲጥል አይዝም ይለኛል።»

«የኋላዎቹን ሁለቱን ብቻ ይቀይሩለታ። አራቱ ይከብድዎታል።»

«አይ ልጄ፣ አራቱንም ነው። ሁለቱን ብተው የፊቱ ተንሸራተተ ይላል።»

«አራቱም ተቀይረው ልጅዎ ባይመጣስ?»

«ያኔማ ስለ ጎማ ሰው ማስቸገር አቆማለሁ።»

መውረጃዬ ዩኒየን ሲቲ ነበር፤ በሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ሳልወርድ ቁጭ ብዬ አየሁት።